ይድረስ ለፊልም ተራኪዎቻችን፦ የዚህን ፊልም ሰዓት አትቁረጡብን

ይድረስ፦ የውጭ ፊልሞችን በአማርኛ ለምትተርኩልን ወንድሞችና እህቶች፣ በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ «ሃይ ኑን» የተባለውን ፊልም ሳታሳጥሩ እንድታቀርቡልን ስለመጠየቅ

ውድ ተራኪዎቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

አስቀድሜ ውለታችሁን ላንሳ። እናቴ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲቆላ የእናንተ ድምፅ አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። በእናንተ ምክንያት ግን የኮሪያውንም፣ የህንዱንም፣ የአሜሪካውንም ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማችኋለች። ልብስ እያጠበች ትሰማችኋለች። የስልኳ ፓኬጅ ለአንድ ሙሉ ፊልም አይበቃም፤ ለእናንተ አሥራ አምስት ደቂቃ ግን ይበቃል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራችሁን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ከእናንተ አንዱ «ሃይ ኑን»ን ተረከው። በአሥራ አንድ ደቂቃ። ስሙን አልጠራም፤ ድምፁም አማርኛውም ያማረ ልጅ ነው። «አክተሩ እርዳታ ፍለጋ ከተማውን ሁሉ ዞረ፤ ሁሉም ፈሪ ስለነበሩ እምቢ አሉት» አለና አለፈው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ተኩሱ ገባ። ስልኬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው ነገር እኮ ፊልሙ ራሱ ነው። ተኩሱ ትርፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) «ሃይ ኑን» (ትርጉሙ «ልክ በቀትር» ማለት ነው) በ1952 የወጣ ጥቁርና ነጭ የካውቦይ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን፣ ደራሲው ካርል ፎርማን፣ አክተሩ ጋሪ ኩፐር። ሃድሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የሕግ አስከባሪው ዊል ኬን ይሞሸራል። ሙሽራዋ ኤሚ መሣሪያ ማንሳትን ሃይማኖቷ የማይፈቅድላት ሴት ናት፤ ግሬስ ኬሊ ናት የምትሠራት። ኬን ኮከቡን ከደረቱ ፈትቶ፣ ሥራውን ትቶ፣ ከሚስቱ ጋር ሊሄድ ነው። በዚያች ቅጽበት ቴሌግራም ይመጣል። ከዓመታት በፊት ይዞ ያሳሰረው ነፍሰ ገዳይ ፍራንክ ሚለር ምሕረት ተደርጎለት ተፈቷል። ሊበቀለው በቀትሩ ባቡር ይመጣል። ሦስት ግብረ አበሮቹ ጣቢያው ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁት ነው።

ያኔ በእነሱ ሰዓት ከአሥር ተኩል አልፏል፤ በእኛ ከአራት ሰዓት ተኩል። ባቡሩ የሚገባው በእኛ ስድስት ሰዓት ነው። ፊልሙ 85 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን አያችሁት? እኛ ቁጭ ብለን በምናይበት ጊዜና ኬን በሚጠብቅበት ጊዜ መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ለእሱ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ለእኛም አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሰዓት በየግድግዳው ላይ አለ። በቢሮው፣ በሆቴሉ፣ በመጠጥ ቤቱ። ዚነማን ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ ቀትር እየቀረበ ሲሄድ ሰዓቶቹ ስክሪኑ ላይ እየተለቁ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ከሰው ጀርባ ግድግዳ ላይ በትንሹ የነበረው ሰዓት፣ ወደ መጨረሻው ስክሪኑን ይሞላዋል። ይህን ፊልም አሥራ አንድ ደቂቃ ማድረግ ማለት እንግዲህ ሰዓቱን መስበር ማለት ነው።

እንዴት እንደወደድኩት ልንገራችሁ።

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ካመጣቸው ካሴቶች አንዱ ይህ ነበር። ዴካችን ካሴት የሚበላ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተመታ የማይነሳ ዓይነት ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የካውቦይ ፊልም ወዳጅ ነው። እንግሊዝኛው ግን «የስ»ና «ኖ» ላይ ያቆማል። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ስለዚህ የቤቱ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ከአባቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ «አሁን እንዲህ አለው፣ አሁን እንዲህ አላት» እያልኩ መተርጎም ጀመርኩ። የቻልኩትን ያህል፣ ያልገባኝንም ከራሴ እየጨመርኩ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «ቆይ አንተ ልጅ፣ ዝም በል እስቲ። ይታየኛል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተረጎምኩም። አባቴ ደግሞ አንድም ነገር አላመለጠውም። ኬን አንድ በር አንኳኩቶ ሲመለስ «ይሄም እምቢ አለው» ይላል ለራሱ። ሰዓቱ ሲታይ የራሱን የእጅ ሰዓት ያያል። ባቡሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የባቡሩ ጡሩምባ ሲነፋ ብድግ አለ። ቆሞ ነው የጨረሰው። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ያን ሁሉ ዓመት ጠብቋቸው ሲያበቃ፣ አንድ ሰው እንኳ እንዴት ይጠፋል?»

መልስ አልነበረኝም። ያ ጥያቄ ነው ፊልሙን ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ። ደጋግሜ ሳየውም የገባኝ ነገር አለ። «ሁሉም ፈሪ ስለነበሩ» የሚለው መልስ ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሲናገር ደግሞ እውነት ይመስላል። አንዳንዱ እውነት ነው።

ሚለር ላይ የፈረደው ዳኛ አለ። ኬን ቢሮ ሲገባ ዳኛው ዕቃውን እያሸገ ነው። የአሜሪካን ባንዲራ ከግድግዳው አውርዶ ያጣጥፋል። የፍትሕ ሚዛኑን ያነሳል። እጁ ሥራ ላይ ነው፣ አፉ ምክር ላይ ነው። ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። ምክትሉ ሃርቪ ደግሞ ቅሬታ አለው፤ ኬን በእሱ ቦታ እንዲተካ ስላላጨው ተቀይሟል። ሹመቱን ስጠኝና ከጎንህ እቆማለሁ ይላል። ኬን በዚህ አይስማማም። በዚህች ሰዓት እንኳ በሹመት አይደራደርም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ ከሚለር ጋር ቂም የላቸውም። እሱ ከተማው ውስጥ በነበረበት ጊዜ ገበያው ደርቶ ነበር፤ ሆቴሉም መጠጥ ቤቱም ሞቅ ያለ ነበር። እነሱ ትርኢቱን ሊያዩ ነው የሚጠብቁት።

ሳም ፉለር የሚባል ወዳጁ አለ። ኬን ወደ ቤቱ ሲመጣ በመስኮት ያየዋል። ሚስቱን ይጠራና «የለም በዪው» ይላታል። ሚስቲቱ በሩን በትንሹ ከፍታ ትቆማለች። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ትላለች። ያለ እሷ ነው የሄደው? ለብሳ ልትከተለው ነው፤ እንደዚያ ነው የምትለው። ኬን ያያታል። አይከራከራትም። አመስግኖ ይሄዳል። በሩ ሲዘጋ የሴትዮዋን ፊት እዩት። ባልየው ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ይቆጣታል፤ መበለት ልትሆኚ ትፈልጊያለሽ ወይ ይላታል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን እንዲህ ያለች በር ላይ የቆመች ሴት አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። «የለም በይ» ያልተባለበት ቤት አገራችን ውስጥ የትኛው ነው?

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ይህን ትዕይንት ማንም ሰው እንዲያሳጥረው አልፈልግም። ኬን ጸሎት አቋርጦ ይገባል። መጀመሪያ ብዙ ሰው ይነሳል፤ እንሄዳለን ይላሉ። ልባችን ይሞቃል። ከዚያ አንዱ ቆዩ ይላል። ውይይት ይጀመራል። ልጆቹ ወደ ውጭ እንዲወጡ ይደረጋል። አንዱ ይህ የእኛ ሳይሆን የሕግ አስከባሪው ሥራ ነው ይላል። ሌላው ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው ይላል። አንዲት ሴት ብድግ ብላ ታሳፍራላችሁ ትላቸዋለች። በመጨረሻ የከተማዋ ከንቲባ ይነሳሉ። የኬን ወዳጅ ናቸው። ያመሰግኑታል። ይህች ከተማ ሴት ልጅ የምትኖርባት፣ ልጅ የሚያድግባት የሆነችው በዚህ ሰው ነው ይላሉ። እያዳመጥኩ፣ አሁን «ተነሱ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀጠሉና ግን፣ በሰሜን በኩል ባለገንዘቦች እዚህ ከተማ ፋብሪካና ሱቅ ሊከፍቱ እያሰቡ ነው አሉ። ጎዳና ላይ ደም መፍሰሱን ካነበቡ ይሸሻሉ። ስለዚህ ዊል፣ ለከተማው ስትል፣ ለራስህም ስትል፣ ሂድ።

እንዲህ ነው። አመስግኖ መሸኘት። ኬን ከዚያ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር በቃላት ልነግራችሁ አልችልም። ለዚህ ነው እዩት የምለው።

የቀድሞው የሕግ አስከባሪ ማርቲን ሃው ደግሞ ለኬን እንደ አባት ናቸው። እጃቸው በቁርጥማት ታስሯል። ጣታቸው አይታጠፍም። ብመጣ አንተ ስለ እኔ ስትጨነቅ ትገደላለህ ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ኸርብ የሚባለው ደግሞ ከመጀመሪያው ራሱ መጥቶ አለሁ ያለ ነው። ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ ሌሎቹ የት አሉ ብሎ ይጠይቃል። ማንም የለም። እኔና አንተ ብቻ? ፊቱ ይለወጣል። ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ ይላል። ኬን ወደ ልጆችህ ሂድ ይለዋል። አይሰድበውም። ሰውየው ከወጣ በኋላ ኬን ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ይደፋል።

የካውቦይ ፊልም አክተር ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ስለ ጋሪ ኩፐር ልናገር። በ1901 ሞንታና ውስጥ፣ ሄለና ከተማ ነው የተወለደው። አባቱ ከእንግሊዝ የመጡ፣ በሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ልጅ ሆኖ እንግሊዝ አገር ተልኮ ተምሯል። ኋላ ሥዕል አጥንቷል። በወጣትነቱ በመኪና አደጋ ዳሌው ተጎድቶ ነበር፤ ፈረስ መጋለብ ይጠቅምሃል ተባለ። ያ አጋላለቡ ሆሊውድ አደረሰው። መጀመሪያ በፊልም ውስጥ ከፈረስ እየወደቀ የሚከፈለው ሰው ነበር። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስባል። እኛ አገር «ቁጥብ» የምንለው ዓይነት ሰው።

«ሃይ ኑን» ሲቀረጽ፣ በ1951 መጸው፣ ዕድሜው 50 ነበር። ግሬስ ኬሊ 21 ዓመቷ። ፊልሙ መጀመሪያ ለግሪጎሪ ፔክ ቀርቦ ነበር፤ ፔክ ተመሳሳይ ፊልም ገና መሥራቱ ስለነበር እምቢ አለ። ኩፐር በዚያን ጊዜ የጨጓራ ቁስለት ነበረበት። ጀርባውም ያመው ነበር። ዚነማንና የካሜራው ባለሙያ ፍሎይድ ክሮዝቢ ይህን ለመደበቅ አልሞከሩም። ሜካፕ ብዙም አልቀቡትም። ሰማዩን እንኳ በማጣሪያ አላሳመሩትም፤ ነጭ፣ ባዶ፣ አናት የሚበሳ ጠራራ ሰማይ አደረጉት። በዚያ ነጭ ሰማይ ሥር ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱ የተሸበሸበ፣ የታመመ ሰው ይራመዳል። ስለዚህ ኬን ሲደክመው የምናየው ድካም የትወና ብቻ አይደለም። እኔ ይህንን ካወቅኩ በኋላ ፊቱን የማየው እንደ ታላቅ ወንድም ፊት ነው።

ካሜራው ከፊቱ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። መጀመሪያ የኩፐር ፊት፣ ላቡ፣ ዓይኑ። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ፣ መንገዱ ይታያል። ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ መሃል መንገድ ላይ ትንሽ ሆኖ ቆሟል። እናቶቻችን ሕፃን ሆነን በቀትር ብቻችንን እንዳንወጣ ይከለክሉን ነበር፤ ዳዊቱም ላይ የቀትር ጋኔን ይላል። እዚያ ትዕይንት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ እሱ ነው። ብርሃኑ ነው የሚያስፈራው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውላትም። ኬን ከሃርቪ ጋር በረት ውስጥ ተደባድቦ ፊቱ ቆስሏል። ሊታጠብ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ይገባል። ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ አቁም ይላል። ሬሳ ሣጥን እያሠራ ነበር። ኬን ይገባዋል። ፊቱን ይታጠባል፣ ይከፍላል። ሲወጣ፣ ሰውዬህ አሁን ሥራውን መቀጠል ይችላል ይለዋል። በቃ። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይህን አሳጥራችሁ እንዴት ትነግሩኛላችሁ? «ሬሳ ሣጥን እየተሠራለት ነበር» ብትሉ ወሬው ደረሰ፤ መዶሻው ግን አልተሰማም።

ደራሲው ካርል ፎርማን ይህን የጻፈው ራሱ በዚያ ውስጥ እያለፈ ነው። በ1951 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚኒስቶችን የሚያሳድደው ኮሚቴ ጠራው። ፎርማን ከዓመታት በፊት የፓርቲው አባል ነበር፤ ወጥቷል። ኮሚቴው የሚፈልገው ግን የሌሎችን ስም ነው። ስም አልሰጥም አለ። ፊልሙ እየተቀረጸ ነው ይህ የሆነው። ወዳጆቹ ሸሹት። አብሮት ኩባንያ የመሠረተው ፕሮዲውሰሩ ስታንሊ ክሬመር ከኩባንያው እንዲወጣ አደረገው። ከእነዚያ በር ላይ ከሚሰሙት ሰበቦች አንዳንዶቹን ፎርማን ከራሱ ወዳጆች አፍ የሰማቸው ናቸው። በ1952 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ሆሊውድ በስሙ አያሠራውም ነበርና።

ኩፐር በፖለቲካው ከፎርማን ጋር አይገናኝም። ወግ አጥባቂ ነው። በ1947 ኮሚቴው ፊት ቀርቦ መስክሯል፤ የማንንም ስም ግን አልጠራም። ፎርማን ሲባረር ከጎኑ ቆመ፤ በሚያቋቁመው ኩባንያ ውስጥም ገንዘቤን አኖራለሁ አለ። ከዚያ ጫናው በረታበትና ወደኋላ አለ። ፎርማን አልተቀየመውም። ከትልልቆቹ ሰዎች የሞከረ እሱ ብቻ ነበር ብሎ ኋላ ተናግሯል። እኔ ኩፐርን ይበልጥ የወደድኩት ይህን ሳውቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ብቻውን የቆመው ሰው፣ ከስክሪኑ ውጭ እስከቻለው ድረስ ሄዶ የደከመው ሰው። ሁለቱም አንድ ፊት ነው ያላቸው።

ፊልሙ አራት ኦስካር አገኘ፤ አንዱ የኩፐር ነው። በመጋቢት 1953 ኩፐር ሜክሲኮ ነበርና ሽልማቱን የተቀበለለት ጆን ዌይን ነው። ያው ጆን ዌይን በ1971 ፊልሙን በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ከአሜሪካዊነት የራቀው ነው ብሎ አወገዘው። ሕግ አስከባሪ እርዳታ ሲለምን ማየት አልዋጥ ብሎት ነበር። በ1959ም ከዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ጋር ሆኖ መልስ የሚሆን ሌላ ካውቦይ ሠርቷል። እኔ ዌይንንም እወዳለሁ። በዚህ ግን አልተሳካለትም። አንድ ሰው ፈርቶ፣ ለምኖ፣ ሁሉም እምቢ ብሎት፣ ከዚያም በቦታው ከቀረ ጀግንነቱ ምኑ ላይ ነው የቀነሰው?

ሌሎች ግን ገብቷቸዋል። ሰኔ 4 ቀን 1989 ፖላንድ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ያልታየ ምርጫ ሊደረግ ነበር። ቶማሽ ሳርኔትስኪ የሚባል ወጣት ሠዓሊ ለሶሊዳርኖሽች የሠራተኞች ንቅናቄ ፖስተር ሠራ። ፖስተሩ ላይ ጋሪ ኩፐር እንደዚያው እየተራመደ እየመጣ ነው። በቀኝ እጁ የያዘው ግን ሽጉጥ ሳይሆን የምርጫ ወረቀት ነው። ደረቱ ላይ፣ ከኮከቡ በላይ፣ የሶሊዳርኖሽች ምልክት አለ። ሥሩ ላይ «ልክ በቀትር» ይላል። ንቅናቄው ከ100 የሴኔት መቀመጫዎች 99ኙን አሸነፈ። ኩፐር ይህን አላየም፤ በግንቦት 1961፣ 60 ዓመት በሞላው በስድስተኛው ቀን በካንሰር ሞቷል። እኔ ያንን ፖስተር ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። ፖላንድ ውስጥ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ያንን ፖስተር መተርጎም አላስፈለገም። ሁሉም የትኛው ሰዓት እንደሆነ ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፍቅሩ እስከ ቤተ መንግሥቱ ይደርሳል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ይወደው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በዋይት ሀውስ ደጋግሞ አይቶታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1989 ለዘለዓለም ይጠበቁ ብሎ መጀመሪያ ከመረጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ ነው። ተራውም ሰው እንደዚሁ። አጎቴ አብሮት የሚሠራ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ በየዓመቱ በልደቱ ቀን ይህን ፊልም ብቻ እንደሚያይ ነግሮኛል። ካሴቱንም ለአጎቴ የሰጠው እሱ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውላችሁ።

ይህን ፊልም ስታቀርቡልን ሙሉ አድርጉት። 85 ደቂቃ ነው፤ ከአንድ የኳስ ጨዋታ ያንሳል። ባለቤት ያለው ሥራ ነውና ፈቃዱን ጠይቁ። የሚያስፈልግ ወጪ ካለ እኔን ጨምሮ የምናዋጣ ሰዎች አለን። ድምፃችሁን ስታስገቡ ሰዎቹ በሚናገሩበት ቦታ ብቻ ይሁን። እነሱ ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉልን። መጀመሪያ ላይ ቴክስ ሪተር የሚዘፍነውን ዘፈን አትሸፍኑት፤ በፊልሙ ውስጥ እየተመላለሰ ነው ልባችንን ባር ባር የሚያሰኘው። ከስድስት ሰዓት በፊት ያሉት የመጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ደግሞ አደራ። ኬን ቁጭ ብሎ ኑዛዜውን ይጽፋል። የሰዓቱ ፔንዱለም ይወዛወዛል። የዲሚትሪ ቲዮምኪን ሙዚቃ ከፔንዱለሙ ጋር ይመታል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ባዶው መንገድ፣ ሐዲዱ፣ ሚለር ሲፈረድበት የተቀመጠበት ባዶ ወንበር። የሁሉም ፊት ተራ በተራ ይመጣል። ከዚያ ጡሩምባው። እዚያ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል እንኳ ከገባ አባቴ እጁን ትከሻችሁ ላይ ያሳርፋል።

ስለ ሐዲዱም አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ የሚታይበት ምስል አለ። ካሜራው ሐዲዱ ላይ ነበር የተቀመጠው። ባቡሩ ነጭ ጭስ እያወጣ መጣ፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ። ዚነማንና ክሮዝቢ እንዴት ያምራል ብለው ተደነቁ። ጥቁሩ ጭስ ፍሬኑ እምቢ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት እንደሆነ አላወቁም። ለጥቂት ነው የተረፉት። ካሜራው ተሰባበረ፤ ፊልሙ ግን ተርፎ እኛ ጋ ደርሷል። ያቺ ምስል በአሥራ አንድ ደቂቃው ትረካ ውስጥ የለችም።

እጄን አጣጥፌ እንዳልለምናችሁ ሥራውን ጀምሬዋለሁ። የንግግሩን ትርጉም ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሻለሁ። ለፈለገው ሰው በነፃ እሰጣለሁ፣ ስሜም አይጠቀስ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸግሬ ነበርና የእናንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ። ሰዎቹ ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት ሲናገሩ «ስድስት ሰዓት» ብዬ ልጽፍ ስል፣ ተመልካቹ ግድግዳው ላይ የሚያየው ሰዓት 12ን ያሳያል። «አሥራ ሁለት» ካልኩ ደግሞ እናቴ የምሽቱ ወይም የንጋቱ ይመስላታል፤ ፀሐዩ ይጠፋባታል። ለጊዜው በሁሉም ቦታ «በቀትር» ብዬዋለሁ። ለእናቴ ሳነብላት «ይሄስ ያቃጥላል» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሥራችሁ ወዳጅ